መርፌ፣ ኤሌክትሪክና የልብ ምት

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የምትኖሩ እናቶች ስለ ዋገምት ሳትሰሙ አትቀሩም። ቆዳን በጥቂቱ በጥተው በቀንድ ደም የሚስቡበት የአገራችን ባህላዊ ሕክምና ነው። ከቻይና የመጣው አኩፓንክቸር ግን ደም አይስብም፤ ቀጫጭን መርፌዎች በተወሰኑ የሰውነት ክፍሎች ላይ ይተከላሉ እንጂ። መርፌዎቹ በሽቦ ከትንሽ መሣሪያ ጋር ተያይዘው ደካማ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍባቸው ኤሌክትሮ አኩፓንክቸር ይባላል።

የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በአዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ቻይናውያን ሐኪሞች የመርፌ ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋል። ስለዚህ ከአዊ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ወይም ለሕክምና ብቅ ያለ ሰው ወሬውን ይዞላችሁ ቢመጣ አያስገርምም።

ለመሆኑ ይህ ሕክምና ልብንና የደም ዝውውርን እንዴት ይነካል? የልባችንን ምት የሚቆጣጠሩት ሁለት ዓይነት ነርቮች ናቸው፤ አንደኛው ያፋጥናል፣ ሁለተኛው ያረጋጋል። መርፌው እንደገባ ልብ ለጥቂት ጊዜ ሊፈጥን ይችላል። ቆየት ሲል ግን መልእክቱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ሕመም የሚያስታግሱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ አፍጣኙ ነርቭ ጋብ ይልና የልብ ምት ይረጋጋል። በመርፌው ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮችም ሰፋ ስለሚሉ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣ አንድ ጥናት 65 መድኃኒት የማይወስዱ የደም ግፊት ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ሕክምናው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንታት ተሰጠ። በእጃቸው አንጓ ውስጠኛ ክፍልና ከጉልበታቸው በታች ከተተከለላቸው መካከል ከመቶ 70ዎቹ ተሻላቸው፤ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ ከ6 እስከ 8 ቀነሰ። መርፌው በሌላ ቦታ የተተከለላቸው ግን ይህን ያህል ለውጥ አላዩም።

ውድ እናቶች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ! ግፊቷ 170 የሆነ እናት 8 ቢቀነስላት 162 ይሆናል፤ ይህም አሁንም አደገኛ ነው። ስለሆነም ሐኪም ያዘዘውን ክኒን በመርፌ ተስፋ ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም። የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ በደረቱ የተቀበረለት ሰው ኤሌክትሪክ ያለበትን መርፌ መሞከር የለበትም፤ ነፍሰ ጡሮችም አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። መርፌው አዲስና ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል መሆኑንም ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ግን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ግፊታችሁን አስለኩ። የደም ግፊት ሳያሳምም ይጎዳልና።