ከሰሌዳው እስከ ግቢው ሰማይ፦ ሪስክ፣ ድሮንና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች

ፈረንሳዊው የፊልም ባለሙያ አልበር ላሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1956 «ቀዩ ፊኛ» የተሰኘ የ34 ደቂቃ ፊልም አወጣ። አንድ ሕፃን ልጅና አንድ ቀይ ፊኛ በፓሪስ መንደር እየተከታተሉ የሚዞሩበት ሥራ ነው። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም በድርሰት ዘርፍ ኦስካር ተሸለመ። በዓመቱ ይኸው ሰው ከፊኛና ከሕፃን ልጅ በእጅጉ የራቀ ነገር ይዞ ብቅ አለ፤ «ዓለምን ማስገበር» የሚል ስም ያለው የሰሌዳ ጨዋታ። ሚሮ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1957 አሳተመው። በ1959 ደግሞ ፓርከር ብራዘርስ «ሪስክ» ብሎ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበው፤ ዛሬም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው።

ላሞሪስ ሌላም ፈጠራ አለው። በሄሊኮፕተር የተጫነ ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርግ መሣሪያ ሠርቶ «ሄሊቪዥን» ብሎ ሰየመው፤ በ1960 ባወጣው የፊኛ ጉዞ ፊልምም ፈረንሳይን ከአየር ላይ አሳየበት። በ1970 ኢራንን ከሰማይ እየቀረጸ ሳለ የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር ካራጅ ግድብ አጠገብ ተከስክሶ ሕይወቱ አለፈ። የጀመረውን ፊልም ባለቤቱና ልጁ ጨርሰው በ1978 ለዕይታ አበቁት።

ምድርን ከላይ ሆኖ መግዛትና ምድርን ከላይ ሆኖ ማየት፣ ሁለቱም የዚህ ሰው ምኞቶች ነበሩ። የሁለቱም ወራሾች ዛሬ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይገኛሉ፤ አንዱ በቡድን የሚካሄድ የግዛት ጨዋታ ሆኖ፣ ሌላው ድሮን ሆኖ። ሁለቱም እዚያ ሲደርሱ ከላይ የማይታየውን ነገር፣ ማለትም ታች ያለውን ሰው፣ ለመቁጠር ተገደዋል።

የሪስክ ሰሌዳ የዓለም ካርታ ነው፤ በ42 ግዛቶችና በ6 አህጉሮች ተከፍሏል። ተጫዋች ሠራዊቱን በግዛቶቹ ላይ ያሰፍርና ጎረቤቱን ያጠቃል። አጥቂው እስከ ሦስት፣ ተከላካዩ እስከ ሁለት ዳይስ ይጥላል። ከዚያ ትልቁ ከትልቁ፣ ተከታዩ ከተከታዩ ጋር ይነጻጸራል፤ እኩል ከመጣ ድሉ የተከላካዩ ነው። ይህች የእኩልነት ሕግ ትንሽ ትምሰል እንጂ የጨዋታው ነፍስ ያለው እሷ ላይ ነው። አንድ ለአንድ ሲጣል አጥቂው የሚያሸንፈው ከ36 አጋጣሚዎች በ15ቱ ብቻ ነው። ሦስት ለሁለት ሲሆን ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፦ አጥቂው ሁለቱንም የሚያሸንፍበት ዕድል 37 በመቶ፣ ተከላካዩ ሁለቱንም የሚያሸንፍበት 29 በመቶ፣ በቀረው አንድ ለአንድ ይለያያሉ። ስለዚህ ብዙ ሠራዊት ያለው ማጥቃት ይጠቅመዋል፤ ጥቂት ያለው ግን ባለበት ቢጸና ይሻለዋል። ዳይስ የማያውቀውንና በመቁጠር ብቻ የሚሸናነፉበትን የእኛን ገበጣ የለመደ ሰው፣ እዚህ ዕድልን ራሱን መቁጠር መልመድ አለበት።

አንድን አህጉር ሙሉ በሙሉ የያዘ ተጫዋች በየተራው ተጨማሪ ሠራዊት ያገኛል፤ ለእስያ ሰባት፣ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ አምስት አምስት፣ ለአፍሪካ ሦስት፣ ለደቡብ አሜሪካና ለአውስትራሊያ ሁለት ሁለት። ነባር ተጫዋቾች ወደ አውስትራሊያ የሚሮጡት ለጭማሪው ብለው ብቻ አይደለም፤ መግቢያ በሯ አንድ ብቻ ስለሆነም ነው። አፍሪካ በስድስት ግዛቶች ትከፈላለች፤ ሰሜን አፍሪካ፣ ግብፅ፣ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኮንጎ፣ ደቡብ አፍሪካና ማዳጋስካር። የኢትዮጵያ ስም በመደበኛው ሰሌዳ ላይ የለም፤ ምሥራቅ አፍሪካ በሚለው ውስጥ ተጠቃልላለች። ያም ሆኖ ቦታዋ ቀላል አይደለም፤ በአብዛኞቹ ዕትሞች ምሥራቅ አፍሪካ ከአምስቱም አፍሪካውያን ጎረቤቶቿና ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር ስለምትዋሰን አህጉሩን የፈለገ ሁሉ ይረግጣታል።

በቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ሪስክ የግለሰቦች ጨዋታ ነው። በ2007 ግን የየልና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ጎክሮስካምፓስ» የተባለ የኢንተርኔት ጨዋታ ጀመሩ። የሪስክን መንፈስ ወስደው ተጫዋቹን ለወጡት፤ ካርታው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወይም አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ የሚዋጋው ደግሞ አንድ ሰው ሳይሆን የተማሪዎች ማደሪያው ወይም ትምህርት ቤቱ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ጥቂት ሠራዊት ይዞ ለቡድኑ ይንቀሳቀሳል። ከመሥራቾቹ ሁለቱ፣ ብራድ ሃርግሪቭስና ማቲው ብራይመር፣ በ2011 በኒው ዮርክ «ጄነራል አሴምብሊ» የተባለውን የሙያ ማሠልጠኛ ካቋቋሙት መካከል ናቸው።

ይኸው ሐሳብ በ2018፣ ቀጥሎም በ2020፣ በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊዎች ዘንድ ተመልሶ መጣ። ካርታው አሜሪካ ነው። እያንዳንዱ ደጋፊ በቀን አንዲት እርምጃ ብቻ ይወስዳል፤ የትኛውን ግዛት እንደሚያጠቃ ወይም እንደሚከላከል ይመርጣል። ግዛቱ የማን እንደሚሆን የሚወሰነው በዕጣ ነው፤ ዕጣው ግን ባዶ ዕጣ አይደለም። ብዙ ሰው ያሰለፈ ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ ይሰፋል፤ በተከታታይ የሚሳተፍ ተጫዋችም ክብደቱ እያደገ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከጦር ስልት ይልቅ የሕዝብ ማስተባበሪያ ትምህርት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስተባባሪው ማታ ዕቅድ ያወጣል፣ ያውጃል፣ ያስታውሳል፣ ይለምናል። ትንሽ ትምህርት ቤት ከትልቅ ጎረቤቱ ጋር ውል ገብቶ ድንበሩን ካላስከበረ በሳምንት ውስጥ ከካርታው ሊጠፋ ይችላል። በጣም የጎበዘ አሳቢ ያለው ቡድን ሰው ካልመጣለት ምንም አይፈይድም።

በዚያው ግቢ ሰማይ ላይ ደግሞ የላሞሪስ ሁለተኛ ምኞት ይበራል። እሱ ለዚያ ሥራ ሄሊኮፕተር፣ አብራሪና ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ አሁን አንድ ተማሪ በቦርሳው በሚይዛት ድሮን የምረቃ ሥነ ሥርዓትን ከላይ ይቀርጻል። ችግሩ ከታች ሰው መኖሩ ነው። በመስከረም 2015 በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ጨዋታ ሊጀመር ሲል የአንድ ተማሪ ድሮን ስታዲየሙ ውስጥ ወደቀች፤ ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

የግቢ ድሮን ደንብ ለብዙዎች ግራ የሚያጋባው ሁለት ባለሥልጣን ስላለው ነው። የአየር ክልሉን የሚያስተዳድረው የፌደራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ነው። ዩኒቨርሲቲው ሰማዩን አይገዛም፤ የሚገዛው መሬቱን ነው፤ ስለዚህ ድሮን ከመሬቱ እንዳትነሳ፣ በመሬቱም ላይ እንዳታርፍ ሊከለክል ይችላል። ከግቢው አጥር ውጭ ካለ መንገድ ተነስታ በላዩ የምታልፍ ድሮን ግን በዋናነት የምትጠየቀው በፌደራሉ ሕግ ነው። በዚህም የተነሳ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አብራሪው አስቀድሞ ከአደጋ መከላከል ወይም ከደህንነት ክፍል ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛሉ።

የፌደራሉ ሕግ በጥቅሉ ግልጽ ነው። ከ250 ግራም በላይ የምትመዝን ድሮን ትመዘገባለች፤ ለክፍያ ወይም ለድርጅት ሥራ የሚያበር ሰው፣ ከነሐሴ 2016 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ 16 ዓመት የሞላውና የጽሑፍ ፈተና ያለፈ መሆን አለበት። ከፍታው በመደበኛው ከ120 ሜትር አይበልጥም፤ አብራሪውም ድሮኗን ከዓይኑ ማጥፋት የለበትም። ለመዝናኛ የሚያበር ነጻ የኢንተርኔት ፈተና ይወስዳል። በ2018 የወጣ ሕግ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ለትምህርትና ለምርምር የሚደረግን በረራ ከመዝናኛ በረራ ጋር ስለቆጠረው ለመምህራን ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ስታዲየም ግን ሌላ ነው፦ 30 ሺህና ከዚያ በላይ ተመልካች በሚይዝ ስታዲየም ትልቅ የኮሌጅ ፉትቦል ሲካሄድ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት አንስቶ ካለቀ አንድ ሰዓት እስኪሆነው፣ ዙሪያው 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል ለድሮን ዝግ ነው።

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ብልህ መፍትሔ ያገኙት በመረብ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አን አርበር ላይ፣ ቨርጂኒያ ቴክ ብላክስበርግ ላይ፣ ዙሪያውና ጣሪያው በመረብ የታጠረ የድሮን ሜዳ በ2018 ከፈቱ፤ የቨርጂኒያ ቴክ ሜዳ ከፍታው 26 ሜትር ያህል ነው። መረቡ ቦታውን እንደ ቤት ውስጥ ስለሚያስቆጥረው የፌደራሉ የበረራ ደንብ እዚያ አይደርስም። ጀማሪ ተማሪ ያለ ፈቃድ ያበራል፣ ይጥላል፣ ጠግኖ እንደገና ያነሳል፤ መንገደኛውም በሰላም ያልፋል።

በአሜሪካ የተማረ ኢትዮጵያዊ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጣ ድሮኑን ሻንጣው ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ማወቅ ያለበት አለ፦ የአሜሪካ ምዝገባው በቦሌ አይሠራም። ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት አስቀድሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የሌለውን ዕቃ ጉምሩክ ይይዘዋል።