የበረሃ ራሊና የጅቡቲ መስመር፦ የራሳችንን ሾፌሮች ማን ይከታተላቸው?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የገና ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲቀላ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እስኪጀምር ከአጎቴ ጋር ቁጭ ብለን ነበር። ቴሌቪዥኑ የዳካር ራሊን ያሳያል። መኪኖች የአሸዋ ተራራ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ ይገለበጣሉ። ቤቱን የሞላው ሰው ኳሱን ነው የሚጠብቀው፤ ልብ ያለው የለም። አጎቴ ግን የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቅል አሉ።

እኔ ጋሼ የምላቸው እኚህ የእናቴ ታላቅ ወንድም የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሥራውን የጀመሩት ከዚሁ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ በሚመላለስ አይሱዙ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ተሳቢ ተዛወሩ፤ አሁን የጅቡቲ መስመር ላይ ከሠሩ ዓመታት ተቆጥረዋል።

"ይሄኛው ጎማውን አስተንፍሷል፣ ይወጣል። ያኛው ግን ይቀበራል" አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ያኛው እውነትም ተቀበረ። ቀጥለው "እነዚህ ሰዎች የሚያድሩት የት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። "ስንት ሰዓት እንደነዱ የሚቆጥርላቸው አለ ማለት ነው?" አሉ። አዎ፣ አለ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ኳሱ ተጀመረ፤ ጋሼ ግን ዝም እንዳሉ ቀሩ።

ያቺ ጥያቄ ከእኔ ጋር ወደ ዶርም መጣች። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የበረሃ ራሊ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳና ከእኛው የበረሃ መንገድ ጋር ላስተያይ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳካር ምንድን ነው?

የውድድሩ መሥራች ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን ነው። በ1977 በሌላ ራሊ ላይ በሞተር ብስክሌት ሲወዳደር በቴኔሬ በረሃ ውስጥ ጠፍቶ ከሞት አፋፍ ተረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛ አሸዋ አላይም ይል ነበር። እሱ ግን ተወዳዳሪዎችን ሰብስቦ በታኅሣሥ 1978 መጨረሻ ከፓሪስ ተነሡና የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ጥር 1979 ላይ ደረሱ። ስሙም ከዚያ ቀረ። ሳቢን ራሱ በ1986 ውድድሩ እየተካሄደ ሳለ ማሊ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ።

ውድድሩ በ2008 በሞሪታኒያ በነበረው የጸጥታ ስጋት ምክንያት ተሰረዘ። ከ2009 እስከ 2019 በደቡብ አሜሪካ፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በሳውዲ አረቢያ ይካሄዳል። ስሙ ዳካር ሆኖ ዳካርን አያያትም ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጠቅላላ ርቀቱ በቅርብ ዓመታት ከ7 ሺህ እስከ 8 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የየቀኑ ጉዞ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሰዓት የሚመዘን፣ መንገድ በሌለበት የሚነዳ ክፍል ነው። ሁለተኛው ከማደሪያው ሰፈር ወደ መነሻው፣ ከመድረሻውም ወደ ማደሪያው የሚያገናኝ ተራ መንገድ ነው። ሞተር ብስክሌት፣ መኪናና የጭነት መኪና በየምድባቸው ይወዳደራሉ።

እያንዳንዱ አገር የራሱን ልጅ ይከታተላል። ደቡብ አፍሪካውያን በ2009 ጂኒየል ደ ቪሊየርስ በቮልስዋገን ሲያሸንፍ አይተዋል። ሳውዲዎች በ2025 ያዚድ አል ራጅሂ በቶዮታ ሃይሉክስ አንደኛ ሲወጣ ጨፍረዋል፤ ያን ዓመት ሁለተኛ የወጣው ሄንክ ላቴጋንም ደቡብ አፍሪካዊ ነው።

የኛስ? በአሸናፊዎች መዝገብ ላይ ስማችንን የምናገኘው በአንድ ሰው የትውልድ ቦታ በኩል ነው። ፈረንሳዊው ሁበር ኦሪዮል በ1952 የተወለደው አዲስ አበባ ነው። ተወዳዳሪዎቹ "አፍሪካዊው" ይሉት ነበር። በ1981 እና በ1983 በሞተር ብስክሌት፣ በ1992 ደግሞ በመኪና አሸነፈ፤ በሁለቱም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በ1987 ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እየመራ ሳለ ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። እንደዚያ ሆኖ እያለቀሰ እስከ ቀኑ መድረሻ ነዳ። ድሉ ግን አመለጠው። ኦሪዮል በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

የእኛው በረሃ

አሁን ወደ ጋሼ መንገድ እንምጣ። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት በ1998 ከመጀመሩ በፊት ብዙው ጭነታችን በአሰብ በኩል ይገባ ነበር። ያኔ የድሮ ሾፌሮች "ኤንትሬ" የሚሏት ፊያት የዚያ መንገድ ንግሥት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 መደበኛ ሥራ ቢጀምርም የጭነቱ ዋና ተሸካሚ አሁንም መኪና ነው።

መንገዱ ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰመራ አድርጎ በጋላፊ ድንበር ይሻገራል። እስከ ወደቡ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። እስቲ እናስላው፤ ደርሶ መልስ 1,800 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ አራት ደርሶ መልስ 7,200 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይሄ አንድ ዳካር ነው። ልዩነቱ የዳካር ሰዎች በዓመት አንዴ ሲያደርጉት የኛ ሾፌሮች ዓመቱን ሙሉ ሲደጋግሙት መኖራቸው ነው።

ሌላም ዝምድና አለ። በ2024 እና በ2025 በዳካር የጭነት መኪና ምድብ ያሸነፈው ቼካዊው ማርቲን ማቺክ የነዳው ኢቬኮ ነው። በአገራችን ከ1970 ጀምሮ ያለው አምቼ ፋብሪካ የሚገጣጥመውም ኢቬኮ ነው። ስለዚህ በቴሌቪዥን የምናየው መኪና ባዕድ አይደለም፤ የአጎት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ጎማ፣ ሙቀትና አቧራ

ጋሼ "ጎማውን አስተንፍሷል" ያሉት ነገር ክፍል ውስጥ የተማርነው ነው። ጎማ ንፋሱ ሲቀነስ ይተኛል፤ መሬት የሚነካው ስፋት ይጨምራል። ያው ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚያንስ መኪናው አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል፣ አይሰምጥም። በራሊ የጭነት መኪኖች ላይ ይህን የሚያደርጉት ከጋቢና ሳይወርዱ ነው። ድንጋያማ ቦታ ሲመጣ ደግሞ ንፋሱን መልሰው ይሞላሉ።

አስፋልት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። ከታች የአፋር አስፋልት ሙቀት ሲጨመርበት ጎማው ይፈነዳል። አንዳንድ ሾፌሮች መንገድ ላይ ጎማው ሲሞቅና ሲጠነክር "በዛበት" ብለው ያስተነፍሱታል። ይሄ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በሙቀት የጨመረው ግፊት ሲወጣ ትክክለኛው መጠን ይጎድላልና ይብሱን ይሞቃል። ንፋስ መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው።

ሁለተኛው ሞተር ነው። ባዶውን ወይም ቀለል ያለ ጭነት ይዞ የወረደ መኪና ሲመለስ ከባዱን ጭኖ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ ይወጣል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ ነው። ንፋስ ከኋላ ከነፈሰ ደግሞ ራዲያተሩን የሚመታው አየር ይቀንሳል። አቧራ የደፈነው የአየር ፊልትሮ ሲጨመር ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። የዳካር ቡድን በየማታው ፊልትሮ ይቀይራል፣ ቡሎን ያጠብቃል፣ አሞርዛተር ያያል። በእኛ መስመር ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው፤ ክሪኩን አስገብተው፣ መኪናው ሥር ተኝተው።

መንገድ መሪውና ረዳቱ

የዳካር መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው ሥራው መንገድ ማንበብ ነው። ከመነሣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የመንገድ ደብተር ይሰጠዋል፤ ዛሬ ዛሬ ደብተሩ በስክሪን ላይ ሆኗል። ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚታጠፉ፣ የት ጉድጓድ እንዳለ በምልክት ተጽፎበታል። የግድ ማለፍ ያለባቸውን ነጥብ ከሳቱ ቅጣት አለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው በጣም የፈጠነው ሳይሆን ያልጠፋው ነው።

የኛ ረዳት ደብተር የለውም። ግን ግመል የሚሻገርበትን ቦታ፣ ጎሚስታው ሌሊት የሚነቃበትን ከተማ በቃሉ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊት ሾፌሩን ያጫውታል። ይሄ የመጨረሻው ሥራው ወደ ዋናው ነጥቤ ይወስደኛል።

እንቅልፍ

በ2024 የዳካር አዘጋጆች ሳውዲ ባለው "ባዶ ሩብ" በረሃ ውስጥ የሁለት ቀን ክፍል አስገቡ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ወደሚቀጥለው ሰፈር ገብቶ ይቆማል። ድንኳንና ስንቅ ይሰጠዋል፣ ያድራል። መካኒክ አይመጣለትም። ከባዱ ክፍል ብለው የጠሩት ይሄ ነው፤ ልብ በሉ፣ በከባዱ ክፍል እንኳን 10 ሰዓት ላይ "ቁም" የሚል አለ። ሞተር ብስክሌተኞች ነዳጅ ሲቀዱ የግድ የሚያርፉበት ደቂቃ ተወስኗል። እያንዳንዱ መኪና የት እንዳለ ከሩቅ ይታያል። የተጎዳ ሰው ለመርዳት የቆመ ተወዳዳሪም ያጠፋው ሰዓት ይመለስለታል።

ጋሼ አንድ ሌሊት በገዋኔና በአዋሽ መካከል የሆነውን የነገሩኝ ከዚያ የቴሌቪዥን ቀን በኋላ ነው። ጭነው ሲመለሱ ነበር። ረዳቱም ደክሞት ዝም ብሏል። ጋሼን የቀሰቀሳቸው የቀኝ ጎማ የመንገዱን ዳር ጠጠር ሲመታ የተሰማው ድምፅ ነው። መሪውን መለሱት፤ አለፈ። "ስንት ሰዓት ነድተው ነበር?" አልኳቸው። "ማን ቆጥሮ!" አሉኝ። "የባለንብረቱ ስልክ የሚጠይቀኝ ‘የት ደረስክ?’ ብሎ ነው፤ ‘ተኝተሃል ወይ?’ ብሎኝ አያውቅም።"

ሒሳቡን እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። የሦስት ሴኮንድ ማንቀላፋት ማለት 50 ሜትር ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው። ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ደግሞ ፈጥኖ የመወሰን ችሎታው አልኮል የጠጣ ሰው ያህል እንደሚዳከም በጥናት የታወቀ ነው። ጫት እንቅልፉን ያባርረው ይሆናል፤ ድካሙን ግን አያወጣም።

እኔ የገባኝ እንግዲህ ይሄ ነው። በረሃውን አስፈሪ የሚያደርገው አሸዋው ወይም ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ራሊው ሾፌሩን ጀግና አድርጎ ያሳየናል፤ ነገር ግን ከጀግናው ኋላ ሰዓቱን የሚቆጥር፣ ያለበትን የሚያውቅ፣ ሲመሽ "በቃህ" የሚለው ሰው ቆሟል። የኛ ሾፌር ጀግንነቱ አላነሰውም፤ ያነሰው ይህ ነው። ኦሪዮል በተሰበረ እግሩ ሲደርስ ካሜራ ጠበቀው። ጋሼ አዋሽ ሲገቡ የጠበቃቸው የለም።

እኛስ?

ቤታችን ግን የራሱ ራሊ አለው። ጋሼ ሲወጡ ለእናቴ ይደውሉላታል። "አዋሽ ነኝ።" ከሰዓታት በኋላ "ሚሌ ነኝ።" ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ እናቴም ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። ከገና ወዲህ እኔ ደብተር ይዣለሁ። የተነሡበትን፣ የደረሱበትን፣ የተኙበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ሲደውሉ መጀመሪያ የምጠይቃቸው "የት ደረሱ?" ብዬ ሳይሆን "ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ተኙ?" ብዬ ነው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል።

በዲፓርትመንታችን በየዓመቱ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ጠፋ እንላለን። ሾፌሩ ስንት ሰዓት እንደነዳ ቆጥሮ ጋቢና ውስጥ የሚያስጠነቅቅ ርካሽ መሣሪያ፣ የተሳቢ ጎማን ሙቀትና ንፋስ የሚለካ፣ ወይም ለረዳቶች በአማርኛ የተዘጋጀ የጠዋት ፍተሻ ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ በእጃችን ያሉ ናቸው። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ የሚነዳውም ልጅ ያስፈልገዋል፤ በረሃ ባያቋርጥም እንቅልፍ እንቅልፍ ነው።

ይህን የምጽፈው ጋሼ መንገድ ላይ ሳሉ ነው። ደብተሬ ላይ የመጨረሻው መስመር "ሎግያ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አድረዋል" ይላል።