ጠመንጃውና አዛዡ፦ ስለ እርስ በርስ ጦርነት የሚባለውና ጋምቤላ የመሰከረችው

ጋምቤላ ለንግድም ለጦርም በር ሆና የኖረች ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች በክረምት ጨውና ጨርቅ ያመጡ ነበር፤ ሲመለሱ ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጭናሉ። በዚሁ አካባቢ ጠመንጃም ገብቷል፣ ሠራዊትም ሰፍሯል፣ ስደተኛም ተጠልሏል። የጎረቤት ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በከፊል የታቀደው፣ ተዋጊዎቹም የሠለጠኑትና የተሰነጠቁት በዚሁ ምድር ዙሪያ ነው። ስለዚህ ጦርነትን ማን ያሸንፋል፣ ምንስ ይወስነዋል ለሚለው ጥያቄ ጋምቤላ ጥሩ ምስክር ናት። ብዙ ሰው የሚያምንባቸውን አምስት አባባሎች ከዚህ ታሪክ ጋር እናስተያያቸው።

የሚባለው፦ «ጠመንጃ ወደ ጋምቤላ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ነው።»

እውነታው፦ ጠመንጃ የአካባቢውን የኃይል ሚዛን መለወጥ የጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ምሥራቅ የተስፋፋው የኑዌር ሕዝብ አኙዋኮችን ከብዙ መሬታቸው ገፍቷቸው ነበር። ያኔ የሁለቱም መሣሪያ ጦርና ጋሻ ነው። በምኒልክ ዘመን ግን ከጎሬ በኩል የሚመጣው ውጅግራ በዝሆን ጥርስ መለወጥ ጀመረ። ጥርሱ ያላቸውና ንግዱን የጨበጡት የአኙዋክ መሳፍንት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመንደር ደረጃ ከነበረ ሥልጣን ወደ ሰፊ የጦር አዝማችነት ተሸጋገሩ። ከእነዚህ መካከል ኡዲየል ዋ ኩዋትና አክዌይ ዋ ቻም ስማቸው ጎልቶ ወጣ። በ1903 ዓ.ም. ግድም አክዌይ በኑዌር ላይ ትልቅ ዘመቻ መርቶ ከብትና ምርኮኛ ይዞ ተመለሰ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አዲስ መሣሪያ ተጠቂ የነበረውን አጥቂ ያደርጋል፤ ቂሙም ወደ ሌላው ወገን ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ መሣሪያ የጦር ሜዳን ብቻ ሳይሆን አመራርንም ይለውጣል። ጠመንጃ የሚያድል ሰው ተከታይ ያገኛል፤ ተከታይ ያገኘ ደግሞ ገዥ ይሆናል።

የሚባለው፦ «የተሻለ መሣሪያ ያለው ወገን ያሸንፋል።»

እውነታው፦ ታሪኩ ይህን በተደጋጋሚ አፍርሶታል። ከአክዌይ ዘመቻ በኋላ ሱዳንን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር በመጋቢት 1904 ዓ.ም. ቀጪ ጦር ላከ። ጦሩ አዶንጋ በተባለው የአኙዋክ መንደር የገጠመው አካባቢውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ውጅግራ የታጠቀና በአንድ መሪ ሥር የተሰባሰበ ኃይል ነበር። በዚያ ውጊያ አምስት መኮንኖችና 42 ወታደሮች ሞቱ። የቅኝ ገዥው መንግሥት ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት የአኙዋክን ምድር በቀጥታ ማስተዳደር አልቻለም።

በእኛም ዘመን ደርግ ከሰሐራ በታች ካሉት ግዙፍ ሠራዊቶች አንዱን ገንብቶ ነበር። ታንኩ፣ አውሮፕላኑና መድፉ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ በ1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሱ መንግሥት ተረሸነ፤ ብዙም ሳይቆይ በመጋቢት ወር ዕዙ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ፤ መሣሪያውም በሻዕቢያ እጅ ገባ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ ሠራዊቱ ምርጥ ጄኔራሎቹን አጣ። አዛዡን የሚፈራ መንግሥትና መንግሥቱን የማያምን አዛዥ ባሉበት፣ ታንክ ለጠላት የተዘጋጀ ስንቅ ነው።

የካርቱም መንግሥትም ደቡብን በአንቶኖቭ አውሮፕላን ለዓመታት ደብድቧል፤ ነዳጅ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ተዋጊ ሄሊኮፕተሮችን ጨምሯል። ጦርነቱ ያበቃው ግን በጥር 1997 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ስምምነት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ድሮኖች የተሳተፉበት ጦርነትም የቆመው በፕሪቶሪያ ድርድር፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። መሣሪያ የጦርነቱን መንገድ ያጠምዘዋል፤ መጨረሻውን ለብቻው አይጽፍም።

የሚባለው፦ «የጦር ቴክኖሎጂ ማለት ጠመንጃ፣ ታንክና አውሮፕላን ነው።»

እውነታው፦ ራዲዮን፣ የኋላ ደጀንንና የአየር ጠባይን የረሳ ሰው የእርስ በርስ ጦርነትን አይረዳም። በግንቦት 8 ቀን 1975 ዓ.ም. ቦር ከተማ የሱዳን ጦር ደቡባውያን ወታደሮች አመፁ። ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረውም በኢታንግ አካባቢ፣ ቢልፋም በተባለ ሰፈር፣ የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦርን (ኤስፒኤልኤ) መሠረቱ። ኮሎኔል ጆን ጋራንግ መሪ ሆነ። ካርቱም የኤርትራንና የትግራይን ታጣቂዎች ስለምትረዳ፣ አዲስ አበባም ለጋራንግ መሣሪያ፣ ማሠልጠኛና ምሽግ ሰጠች። ከሁሉ በላይ የራዲዮ ጣቢያ ሰጠችው። በዚያ ራዲዮ የጋራንግ ድምፅ ጠመንጃው ወደማይደርስበት መንደር ሁሉ ይደርስ ነበር። ለብዙ ወጣት የትግሉ መጥሪያ ያ ድምፅ ነበር።

ዝናቡም የራሱ ድርሻ አለው። በክረምት የባሮና የሶባት ሜዳ ረግረግ ይሆናል፤ ታንክና ከባድ መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀራሉ፤ እግረኛና ጀልባ ግን ይጓዛሉ። በዚህ ምድር የቀን መቁጠሪያውን የማያውቅ አዛዥ መድፍ ቢኖረውም አይጠቅመውም።

የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ደጀኑ ነው። ኤስፒኤልኤ በ1981 ዓ.ም. ናሲርን፣ ቶሪትንና ቦርን ያዘ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግን ምሽጉን፣ ራዲዮውንና የመሣሪያ ምንጩን በሳምንታት ውስጥ አጣ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ከኢታንግ፣ ከፉኝዶና ከዲማ ሸሹ። የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ በውኃና በጥይት አለቁ። በቀጣዩ ዓመት የካርቱም ጦር ፖቻላን፣ ቦርን፣ ካፖኤታንና ቶሪትን መልሶ ያዘ። የሰው መሣሪያ ይዞ የሚዋጋ፣ ሰጪው የወደቀ ዕለት አብሮ ይወድቃል።

የሚባለው፦ «ጠንካራ መሪ ካለ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።»

እውነታው፦ ጋራንግ ጠንካራና የተማረ መሪ ነበር፤ በአሜሪካ አዮዋ በግብርና ኢኮኖሚክስ እስከ ዶክትሬት ተምሯል። ሠራዊቱን በአንድ ዕዝ አስተሳስሮ ከሽምቅ ቡድን ወደ መደበኛ ጦር አሳደገው። ነገር ግን ውሳኔው ሁሉ በእሱ እጅ ነበር። ቦር ላይ አመፁን የመራው ኬሩቢኖ ኩዋኒን ቦል ራሱ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ታሰረ። ንቅናቄው የመጀመሪያውን ብሔራዊ ጉባኤ ያካሄደው ከተመሠረተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. በቹኩዱም ነው። ቅሬታ የሚነገርበት መድረክ ስላልነበረ፣ ቅሬታው በጠመንጃ ተነገረ። ነሐሴ 22 ቀን 1983 ዓ.ም. የንቅናቄው አዛዦች ሪያክ ማቻር፣ ላም አኮልና ጎርዶን ኮንግ ከናሲር ሆነው ጋራንግን ማውረዳቸውን አወጁ።

ይህ የአዛዦች ጠብ ሕዝብ ላይ ወረደ። በኅዳር 1984 ዓ.ም. ለሪያክ ያደሩ ታጣቂዎች ቦር አካባቢ ቢያንስ ሁለት ሺህ ሰው ገደሉ። ያልተፈታው ጉዳይ ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች በኋላም ተከተለ፤ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የፈነዳው ጦርነት በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና በዚያው በሪያክ ማቻር መካከል ነው። ስብሰባ የማይጠራ፣ ተተኪ የማያዘጋጅና ትችት የማይሰማ መሪ ጥንካሬው ለነገ ዕዳ ይሆናል።

የሚባለው፦ «ነገሩ ድሮም የጎሣ ጥላቻ ነው፤ ማንም አያስቆመውም።»

እውነታው፦ በ1983 ዓ.ም. ክፍፍል ላም አኮል ሺሉክ ሆኖ ከኑዌሩ ከሪያክ ጋር ቆመ፤ ዊሊያም ኝዎን ባኝ ደግሞ ኑዌር ሆኖ ሳለ ያኔ ከዲንቃው ከጋራንግ ጋር ቀረ። በ1985 እና 1986 ዓ.ም. የሎውና የጂካኝ ኑዌሮች እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ጎሣ ብቻውን ጦርነትን ቢያስነሳ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። አዛዦች ሰው ሲያጥራቸው ወደ ጎሣ ይጣራሉ፤ ጥሪው በተደጋገመ ቁጥር ጥላቻው እውነተኛ ይሆናል።

ማስቆምም ይቻላል። በ1991 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን፣ ውንሊት በተባለች መንደር፣ የዲንቃና የኑዌር ባላባቶች፣ ሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ተቀምጠው ታረቁ፤ ጄኔራሎቹ ሰላም ከማውረዳቸው በፊት ሕዝቡ ሰላም አወረደ።

ጦርነቱ በፊርማ ሲያበቃ ግን ክላሹ በየቤቱ ይቀራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ የኑዌር ዞን መንደሮች ላይ ጥቃት ፈጸሙ። መንግሥት እንዳስታወቀው 208 ሰዎች ተገደሉ፤ ከመቶ በላይ ሕፃናትና ከሁለት ሺህ በላይ ከብቶች ተወሰዱ። በጦር የሚካሄድ የከብት ዘረፋ የኖረ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው እንዲጨርስ ያደረገው ከጦርነት የተረፈው አውቶማቲክ መሣሪያ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 307,096 ሕዝብ የነበረው ክልል ዛሬ ከዚያው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ያለው ስደተኛ በኩሌ፣ በተርኪዲ፣ በንጉኤንዬልና በጀዊ ሰፈሮች ተሸክሟል። የጎረቤት አዛዦች ጠብ ዕዳው እዚህ ይከፈላል።

ስለዚህ የጋምቤላ ወጣት ሆይ፣ «ይህን መሣሪያ ብናገኝ ኖሮ» የሚልህን ሰው መሣሪያውን ማን እንደሚሰጠው፣ ሰጪው ሲወድቅ ማን እንደሚቀበልህ፣ ከአዛዡ ጋር ባትስማማ የት እንደምትናገር ጠይቀው። መንግሥትም መሣሪያ ሲያስፈታ ሁሉንም ወገን በአንድ ጊዜ ያስፈታ፤ አንዱን አስፈትቶ ሌላውን ታጥቆ መተው ለቀጣዩ ጥቃት ማመቻቸት ነው። የአገር ሽማግሌም የውንሊትን ሥራ ለመድገም የጄኔራሎችን ፈቃድ አይጠብቅ።