የካሊፎርኒያ ከተሞች ዕዳ፦ አበዳሪው ሳይጎዳ ነዋሪው ለምን ይጎዳል?

ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ የሚኖር ሰው ስለ ከተማው ገንዘብ ሁለት የሚቃረኑ ወሬዎችን በአንድ ሳምንት ሊሰማ ይችላል። የከተማው ቦንድ በብድር ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ዘንድ ጥሩ ደረጃ እንዳለው ይነገረዋል። ወዲያው ደግሞ በጀቱ ስለጎደለ ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈትበት ሰዓት እንደሚቀነስ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያም ሊዘጋ እንደሚችል ይሰማል። ሁለቱም እውነት ነው። ደረጃ አውጪዎቹ የሚጠይቁት አበዳሪው ገንዘቡን በቀኑ ያገኛል ወይ ብለው ነው። ነዋሪው የሚጠይቀው ስደውል የሚደርስልኝ አለ ወይ ብሎ ነው። በካሊፎርኒያ ከ45 ዓመት በላይ የዘለቀው የአካባቢ መስተዳድሮች የገንዘብ ክርክር ሰሚውን ግራ የሚያጋባው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀው ስለሚቀርቡ ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግዛቲቱ 58 ካውንቲዎችና ከ480 በላይ ከተሞች አሏት። ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ መንገድና ፓርክ በአብዛኛው የከተማው ሥራ ነው፤ ካውንቲው ደግሞ እስር ቤቱን፣ የጤናና የማኅበራዊ ድጋፍ አገልግሎቱን ይይዛል። ይህን ሁሉ ለመሸፈን ዋነኛው ምንጭ የቤትና የመሬት ግብር ነበር። የዚህ ግብር ጣሪያ የተወሰነው በሰኔ 1978 ነው። የቤት ዋጋ በፍጥነት እየናረ ግብሩም አብሮ ሲወጣ፣ ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ‹‹ፕሮፖዚሽን 13››ን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። ከመራጩ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ደገፈው። በዚህ ሕግ መሠረት ግብሩ ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሆነ። ንብረቱ ሲሸጥ ግን ግምቱ ወደ ገበያው ዋጋ ይመለሳል።

በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ፣ ስፋታቸውም ሆነ ሥሪታቸው አንድ የሆነ ሁለት ቤቶችን እናስብ። አንዱን ባለቤቱ በ1976 በ60 ሺህ ዶላር ገዝቶታል። በየዓመቱ 2 በመቶ ቢጨመርበት እንኳ ግምቱ ዛሬ ከ160 ሺህ ዶላር ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ መሠረታዊ ግብሩ በዓመት 1,600 ዶላር ገደማ ነው። ሌላውን በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ፣ ባልና ሚስት ሁለት ሁለት ሥራ እየሠሩ ባጠራቀሙት ቅድሚያ ክፍያ፣ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገዛው እንበል። የእነሱ ግብር 10 ሺህ ዶላር ነው። ለሁለቱም የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ግን አንድ ነው። ሕጉ አዛውንቶችን ከቤታቸው ከመፈናቀል አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የከተማን ወጪ በአዲስ ገዢዎች ላይ የጫነውም ይኸው ሕግ ነው።

ሌላው ውጤቱ ከዚህ ያነሰ ይወራለታል። ከ1978 በፊት እያንዳንዱ ከተማ የግብሩን መጠን ራሱ ይወስን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን 1 በመቶዋ ለካውንቲው፣ ለከተማው፣ ለትምህርት ቤቱና ለሌሎች እንዴት እንደምትከፋፈል የሚወስነው በሳክራሜንቶ ያለው የግዛቲቱ ምክር ቤት ሆነ። በ1992 እና በ1993 ግዛቲቱ የራሷን ጉድለት ለመሸፈን ከከተሞችና ከካውንቲዎች ድርሻ ቆርሳ ለትምህርት ቤቶች አዛወረች። መራጮች በ2004 እንዲህ ያለውን ዝውውር በሕገ መንግሥት እስኪገድቡ ድረስ፣ የከተማ ገንዘብ ያዥ የሚቀጥለውን ዓመት ገቢ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም ነበር። ከተሞች ወደ ሽያጭ ታክስ አዘነበሉ፤ ከመኖሪያ ቤት ይልቅ የገበያ ማዕከልና የመኪና መሸጫ በየድንበራቸው እንዲከፈት ይሽቀዳደሙ ጀመር። የሽያጭ ታክስ ደግሞ ኢኮኖሚው ሲታመም መጀመሪያ የሚወድቅ ገቢ ነው።

ገቢው በጠበበበት ዘመን ከወለድ ገንዘብ የሚያመጣ ባለሥልጣን እንደ ጀግና መታየቱ አያስገርምም። ኦሬንጅ ካውንቲ የአገሪቱ ሀብታሞች ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ገንዘብ ያዡ ሮበርት ሲትረን ከ20 ዓመት በላይ በምርጫ እያሸነፈ በቦታው ቆይቷል። የካውንቲውንና 200 ገደማ የሚሆኑ ከተሞች፣ ትምህርት ቤቶችና የውሃ ተቋማትን ገንዘብ፣ በድምሩ 7.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በአንድ ቋት ያስተዳድር ነበር። በዚህ ላይ ተበድሮ የኢንቨስትመንቱን መጠን ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ አደረሰው። ስሌቱ በአጭር ጊዜ ብድር ገንዘብ ወስዶ ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ሰነዶች መግዛት ነበር፤ የሚያዋጣውም ወለድ እስካልጨመረ ድረስ ብቻ ነው። ትርፉ ከሌሎች ካውንቲዎች ስለሚበልጥ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች እንዲያውም ተበድረው ቋቱ ውስጥ አስገቡ። በ1994 ምርጫ ተፎካካሪው ጆን ሙርላክ አደጋውን በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ መራጩ ግን ሲትረንን መረጠ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከ3 በመቶ ወደ 5.5 በመቶ ከፍ አደረገ። ኪሳራው ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ፤ በታኅሣሥ 6 ቀን 1994 ካውንቲው በፌዴራል ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ሊተኮርበት ይገባል። ከመውደቁ በፊት የካውንቲው የብድር ደረጃ ከፍተኛ ነበር፤ ደረጃ አውጪዎቹ የነዋሪውን ሀብትና የታክስ አቅም አይተው እንጂ ቋቱን ከፍተው አላዩም። በ1995 ደግሞ ጉድጓዱን ለመሙላት የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ጭማሪ ለድምፅ ሲቀርብ ነዋሪው ውድቅ አደረገው። የአበዳሪዎችን ዓለም ያስደነገጠው ይህ ሁለተኛው ነው። አንድ መስተዳድር የመክፈል አቅም ኖሮት የመክፈል ፈቃድ ሊያጣ እንደሚችል ያኔ በግልጽ ታየ። ካውንቲው በ1996 ከኪሳራ ወጣ፤ ሜሪል ሊንች የተባለው የዎል ስትሪት ድርጅትም ካውንቲው የመሠረተበትን ክስ በ400 ሚሊዮን ዶላር ዘጋ። ለማገገሚያ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው ግን በ2017 ነው። ያን ጊዜ ያልተወለዱ ልጆች ጎልምሰው ሲከፍሉት ነበር ማለት ነው።

ከኦሬንጅ ካውንቲ በኋላ የመጣው አደጋ ቁማር አልነበረበትም፤ በቀና ልብ የተገባ ቃል ነው። በ1999 የግዛቲቱ የሠራተኞች ጡረታ ድርጅት ካልፐርስ ከዕዳው የሚበልጥ ሀብት ነበረው፤ የአክሲዮን ገበያውም ደርቶ ነበር። ያኔ የጡረታ አበል እንዲጨምር ተፈቀደ። ከተሞችም ፖሊስና እሳት አደጋ ሠራተኛ ላለማጣት እየተፎካከሩ ተከተሉ። በብዙ ቦታ 30 ዓመት ያገለገለ ፖሊስ በ50 ዓመቱ ደመወዙን 90 በመቶ ይዞ መውጣት ቻለ። ገበያው በ2008 ሲወድቅ ያ ሀብት ሟሸሸ፤ ልዩነቱን የሚሞሉት ከተሞቹ ናቸው። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከ1955 ጀምሮ ባጸኑት መርህ ለሠራተኛ አንዴ የተሰጠ የጡረታ መብት በሥራ ላይ እያለም ቢሆን ተመጣጣኝ ምትክ ሳይሰጥ እንዳይቀነስ ይጠብቃሉ። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ በዋናነት የሚነካው አዲስ ተቀጣሪዎችን ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ቀስ በቀስ ነው።

በዚህ ሸክም መጀመሪያ የወደቀችው የቫሌሆ ከተማ ናት። የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያዋ በ1996 ከተዘጋ ወዲህ አቅሟ ተዳክሞ፣ ከአጠቃላይ በጀቷ ሦስት አራተኛ ገደማ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ እየዋለ፣ በግንቦት 2008 ኪሳራ አወጀች። ሳን በርናርዲኖ በ2012 ተከተለች፤ ለአንድ ዓመት ያህል ለካልፐርስ መክፈሏን እስከ ማቆም ደረሰች። በጉዳዩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጉልታ የምታሳየው ግን ስቶክተን ናት።

300 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ስቶክተን የካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ የእርሻ ማዕከል ናት። በቤት ግንባታው ዘመን ከሳን ፍራንሲስኮ ዋጋ የሸሹ ቤተሰቦች ጎረፉባት። ከተማዋም ግንባታው የማይቆም መስሏት ለስፖርት አዳራሽ፣ ለመርከብ ማረፊያና ለመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች ተበደረች። በ2007 መሐል ከተማ ያለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ለአዲስ ማዘጋጃ ቤት እንዲሆን በብድር ገዛች። በዚያው ዓመት 125 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ ለጡረታ ቋቱ ሰጠች፤ ተስፋው የገበያው ትርፍ ከብድሩ ወለድ ይበልጣል የሚል ነበር። ብዙ ሳይቆይ ገበያው ወደቀ። የቤት ዋጋ ሲፈርስ ስቶክተን በባንክ በተወረሱ ቤቶች ብዛት ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ሆነች። የፖሊሶች ቁጥር በሩብ ያህል ቀነሰ፤ በ2012 ደግሞ 71 ሰው ተገደለባት፤ እስከዚያ ድረስ በታሪኳ ያልታየ ቁጥር። ያ ለማዘጋጃ ቤት የታሰበው ሕንፃም በአበዳሪዎች እጅ ገባ። በሰኔ 28 ቀን 2012 ከተማዋ ኪሳራ ስታውጅ፣ ዲትሮይት በቀጣዩ ዓመት እስክትበልጣት ድረስ በአገሪቱ ታሪክ ትልቋ የከሰረች ከተማ ነበረች።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ማን ምን አጣ? ዳኛ ክሪስቶፈር ክላይን በጥቅምት 2014 በኪሳራ ሕግ የጡረታ ውልም ሊነካ እንደሚችል ወሰኑ፤ ለሠራተኛ ማኅበራት ይህ መብረቅ ነበር። ከተማዋ ግን የጡረታውን ገንዘብ ላለመንካት መረጠች፤ ፖሊሶቿ ጥለው ይሄዳሉ ብላ ፈርታለች። በቂ ዋስትና ያልነበረው አበዳሪ ፍራንክሊን ቴምፕልተን ከ36 ሚሊዮን ዶላር ብድሩ አብዛኛውን አጣ። ከሁሉ የተጎዱት ግን ጡረተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ተስፋ የተገባላቸው የጡረታ ዘመን ሕክምና ዋጋው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲገመት በ5.1 ሚሊዮን ተዘጋ። አንድ ዶላር ቃል ተገብቶ አንድ ሳንቲም ማለት ነው። ካንሰር ይዞት በከተማው መድን ይታከም የነበረ ጡረተኛ ይህን እንዴት እንደሚቀበለው መገመት አይከብድም። ከዚያ በኋላ ባሉ ዓመታት ስቶክተን በገንዘብ ጤናማ በተባሉ ከተሞች ዝርዝር ከፊተኞቹ መካከል መቀመጧን ስሰማ ደስታው አይሞላልኝም፤ ከመዝገቡ ላይ የተፋቀው ዕዳ የእነዚያ ሰዎች ሕክምና ነውና።

አበዳሪው ከዚህ ሁሉ ትምህርት ወስዷል፤ ሕጉም ወደ እሱ ተጠግቷል። በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ፣ በንብረት ግብር የሚከፈል ቦንድ ከ2016 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ በግብሩ ላይ ቀጥተኛ የመያዣ መብት አለው፤ ከተማው ቢከስርም ያ ግብር ለቦንዱ ይውላል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ ወለድን ያረክሳል፤ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚበደሩ ወረዳዎችን ይጠቅማል። ከዚህ በፊት በ2008 የግዛቲቱ ገንዘብ ያዥ ቢል ሎክየር ደረጃ አውጪዎቹ ከተሞችን ከኩባንያ በባሰ መስፈርት እየመዘኑ ሕዝቡን ከሚገባው በላይ ወለድ ያስከፍላሉ ብለው ተሟግተው ነበር፤ በ2010 ከትልልቆቹ ድርጅቶች ሁለቱ መለኪያቸውን አስተካከሉ። ነገር ግን አበዳሪው በተጠበቀ ቁጥር የደረጃው ፊደል ስለ ነዋሪው የሚናገረው እያነሰ ይሄዳል። ቦንዱ ከፍ ያለ ደረጃ እንደያዘ አምቡላንሱ ሊዘገይ ይችላል።

ለዚህም ነው የግዛቲቱ ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2019 ያወጣው ዝርዝር ትልቅ ቦታ የሚገባው። ከ470 በላይ ከተሞችን በ10 መለኪያዎች መዘነ፦ በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ መጠባበቂያ፣ የዕዳ ጫና፣ የገቢ አዝማሚያ፣ የቀሩት ደግሞ ስለ ጡረታና ስለ ጡረተኞች ሕክምና። ኮምፕተን በአደጋ አንደኛ ሆነች። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ኦክላንድም ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ተርታ ገባች። ዝርዝሩ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ የሚያስገድድ ሥልጣን የለውም። ለትምህርት ቤቶች ሁኔታው ሌላ ነው። በ1991 የሪችመንድ ትምህርት ቤቶች ገንዘባቸው አልቆ ከትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ስድስት ሳምንት ቀድመው ሊዘጉ ሲሉ ፍርድ ቤት አስቆመ፤ ግዛቲቱም ትምህርት ቤቶች በጀታቸውን ለካውንቲ እያቀረቡ እንዲመረመሩ፣ ሳይከፋ እርማት እንዲወስዱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ለከተሞች እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። ለምን እንደሌለ አሳማኝ ምክንያት አላገኘሁም።

ኦክላንድ ዛሬም እዚያው ጥያቄ ላይ ናት። በከተማዋ ስታዲየም ያላትን ድርሻ ሸጣ የምታገኘው ገንዘብ ለመደበኛ ወጪ ታስቦ ነበር፤ በወቅቱ አልገባም፤ በጥር 2025 የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ለጊዜው ተዘጉ። በሚያዝያ 2025 መራጩ ባርባራ ሊን ከንቲባ አድርጎ ሲመርጥ የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ጭማሪም አጸደቀ። የራሱ ቤት የሌለው ተከራይም፣ ግብሩ በ1976 ዋጋ የቆመለት ባለቤትም እኩል ይከፍሉታል። ጭማሪው ለ10 ዓመት ነው፤ የጡረታው ዕዳ መክፈያ ሰሌዳ ከዚያ ያልፋል።