«ቀጭኑ» ፕሌይስቴሽን እውነት ረክሷል?

ባለፈው ክረምት እህቴ ከሪያድ ደወለችልኝ፡፡ «ወንድምጋሼ፣ ልጁ ቀጭኑ ፒኤስ ፋይቭ ረክሷል፣ እሱን ግዙልኝ እያለ ያስቸግረኛል፡፡ እውነት ረክሷል?» አለችኝ፡፡

ልጁ የሷ ልጅ ነው፡፡ መካነ ሰላም ከእናታችን ጋር ይኖራል፡፡ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት አንዱ ነበር፤ በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ መሆናቸውን አንባቢ ያስታውሳል፡፡ የኛ ልጅ ከቀሩት ከ96.8ቱ ወገን ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ አጣ፡፡ አንዴ «እኔም እንደ እማ ልሂድ» ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ አስደነገጠ፡፡ አሁን ደግሞ የመጨረሻ ሐሳቡ ጌም ቤት መክፈት ሆኗል፡፡ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማው ካምፓስ ከከፈተ ወዲህ ወጣቱ በርክቷል፣ ኳስ የማይወድ ወጣት ደግሞ የለም፡፡ እህቴ ከወር ወር እየቆጠበች ያኖረችው 100 ሺህ ብር አለ፡፡ «ስለ ኮምፒዩተርና ስለ እቃ የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተ የወሰንከውን እንገዛለን» አለችኝ፡፡ እንግዲህ የሰው ልፋት በእጄ ወደቀ…

«ረክሷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ወደ ኋላ ሃያ ዓመት ይወስደናል፡፡ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አንድ ልማድ አለው፡፡ መጀመሪያ ወፍራምና ውድ እቃ ያወጣል፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ውስጡን እንደገና ሰርቶ ቀጭን አድርጎ ያመጣዋል፡፡ ፕሌይስቴሽን ቱ እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ሲገባ 299 ዶላር ነበር፡፡ በ2004 ቀጭኑ መጣ፤ ይዘቱ የወፍራሙን ሩብ ያህል፣ ክብደቱ 900 ግራም ገደማ፣ ዋጋው 149 ዶላር፡፡ በ2009 ደግሞ 99 ዶላር ደረሰ፡፡ በብዙ ከተሞቻችን ጌም ቤት የሚባለውን ነገር ያስፋፋው ይኸው ቀጭኑ ፒኤስ ቱ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም፡፡ በቦርሳ ተይዞ የሚመጣ፣ ሲሰበር የሚጠገን፣ ሲዲው መርካቶ እንደ ቆሎ የሚሸጥ፡፡ (ሲዲው ኦርጅናል ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፡፡)

ፒኤስ ስሪም እንዲሁ ነው፡፡ በ2006 ሲወጣ 499 እና 599 ዶላር ነበር፤ በ2009 ቀጭኑ በ299 መጣ፡፡ ፒኤስ ፎር በ2013 በ399 ወጣ፤ ቀጭኑ በ2016 በ299 ተሸጠ፡፡ «ትንሽ ብንታገስ ይረክሳል» የሚለው የወጣቱ እምነት ከዚህ ነው የመጣው፡፡ ትክክልም ነበር፡፡

ነበር! ፒኤስ ፋይቭ በ2020 ሲወጣ ዲስክ ያለው 499፣ የሌለው 399 ዶላር ነበር፡፡ ቀጭኑ በ2023 መጨረሻ ሲመጣ ዲስክ ያለው እዚያው 499 ላይ ቀረ፤ ዲስክ የሌለው እንዲያውም 50 ዶላር ጨምሮ 449 ሆነ፡፡ በነሐሴ 2025 ደግሞ በአሜሪካ ሁለቱም 50 50 ዶላር ጨመሩ፡፡ እቃው ቀጠነ፣ ዋጋው ወፈረ ማለት ነው፡፡ ቀጭን የሚሆነው በመጀመሪያ ለሰሪው እንዲረክስ ነው፤ ቺፑ ያንሳል፣ ብረቱና ፕላስቲኩ ይቀንሳል፣ በአንድ ኮንቴይነር ብዙ ይጫናል፡፡ ትርፉን ለገዢ ማካፈል የሰሪው ፈቃድ ነው፡፡ ድሮ ያካፍል ነበር፡፡

በዚህ ላይ የኛ ብር አለ፡፡ ቀጭኑ ፒኤስ ፎር በወጣበት ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ስለነበር 299 ዶላር ማለት 6,600 ብር ያህል ነበር፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ ብሩ ይበልጥ ወርዷል፡፡ ዶላሩን 100 ብር ብለን ብናስበው እንኳ በነሐሴ 2025 549 ዶላር የሆነው እቃ ቀረጥና ነጋዴ ሳይነኩት 55 ሺህ ብር ሊሞላ ምንም አይቀረው፡፡ ስለዚህ ለእህቴ «አልረከሰም፤ ብንጠብቅም አይረክስም» አልኳት፡፡ «ታዲያ አይገዛም?» አለች፡፡ ቆይ አልኳት፡፡

ሲቀጥን ምን ይጎድላል የሚለውን ማየት ነበረብኝ፡፡ በየጊዜው የሆነ ነገር ይጎድላልና፡፡ ቀጭኑ ፒኤስ ቱ የሃርድ ዲስክ ማስገቢያውን አጣ፤ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክፍልም ከሆዱ ወጥቶ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር በገመድ ላይ ተንጠለጠለ፡፡ (ከዚያ ቻርጀር ላይ ስህተት ተገኝቶ በ2005 ሶኒ 3.5 ሚሊዮን ያህሉን መልሱልኝ ብሎ ነበር፡፡ በ2007 መጨረሻ የወጣው ሞዴል እንደገና ወደ ሆዱ መልሶታል፡፡) ይህ ነገር ለኛ ቀላል አይደለም፡፡ እኔ ራሴ በ1998 ዓ.ም. የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ወፍራሙን ፒኤስ ቱ፣ ከኋላው 120 ቮልት ብሎ ተጽፎ ሳላነብ በ220 ሰክቼ «ጧ!» አሰኝቼዋለሁ፡፡ የተቃጠለው ውስጡ ነበር፡፡ ተቀጣይ ገመድ ላይ ቢሆን ኖሮ ገመዱን ብቻ እቀይር ነበር፡፡ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም እቃ ገልብጬ ጽሑፉን ሳላነብ አልሰካም፡፡

ቀጭኑ ፒኤስ ስሪ ሊነክስ የሚባለውን ሲስተም መጫን አጣ፤ ለኛ ምንም አይደል፡፡ ቀጭኑ ፒኤስ ፎር ኦፕቲካል የሚባለውን የድምፅ መሰኪያ አጣ፤ ይህም ለኛ ምንም አይደል፡፡ ቀጭኑ ፒኤስ ፋይቭ ግን ያጣው ነገር ለመካነ ሰላም ትልቅ ነገር ነው፡፡ የዲስክ ማጫወቻው ከእቃው ጋር አብሮ የተሰፋ መሆኑ ቀርቶ የሚነቀልና የሚሰካ ሆኗል፤ ማጫወቻው ከእቃው ጋር እንዲተዋወቅ ደግሞ መጀመሪያ ሲነሳ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፡፡ ዲስክ የሌለው ሞዴልማ ጌሙን ሁሉ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው፡፡ አንድ የኳስ ጌም በአስር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ነው፡፡

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያውቅ የለም፡፡ በዚያን ጊዜ መካነ ሰላም ላይ ዲስክ የሌለው ፒኤስ ፋይቭ የገዛ ሰው ቢኖር ነጭ የቤት ጌጥ ነበር የሚሆንለት፡፡ የሶኒ የኢንተርኔት ሱቅ ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለማስገባቱ ሌላው ነው፤ የኛ ሰው የሌላ አገር ነዋሪ ነኝ ብሎ ነው አካውንት የሚከፍተው፡፡ ስለዚህ ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ፣ ከዚያም እስከ ደሴ ላለው ደጋ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ዲስክ ይበላል ወይ?» መሆን አለበት ባይ ነኝ፡፡

መብራቱስ? ሲቀጥኑ የሚበሉት ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፡፡ በእቃው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን እንደሚለው የመጀመሪያው ፒኤስ ስሪ 380 ዋት፣ ቀጭኑ 250 ዋት ነው፡፡ የመጀመሪያው ፒኤስ ፎር 250፣ ቀጭኑ 165፡፡ ፒኤስ ፋይቭ ላይ ግን ከ350 ወደ 340 ብቻ ነው የወረደው፡፡ በጨዋታ ጊዜ ሁሉም ከዚህ ያነሰ ነው የሚበሉት፤ ልዩነቱ ግን መብራት ጠፍቶ በትንሽ ጄኔሬተር ወይም በባትሪ ለመስራት ለሚፈልግ ሰው ወሳኝ ነው፡፡ ባነሰ ዋት የሚሰራ እቃ ውስጡም ያን ያህል አይሞቅም፤ ፋኑም አይጮህም፡፡ አገሩ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አያወጣም፤ ቅዝቃዜው ግን ይክሰዋል፡፡ እዚያ ጠላቱ አቧራ ነው፡፡

ከዚያ ሒሳብ ውስጥ ገባን፡፡ በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ጠይቄ የተነገረኝ ዋጋ ለአዲሱ ባለ ዲስክ ቀጭን ፒኤስ ፋይቭ 95 ሺህ፣ ጥሩ ሁኔታ ላይ ላለ ያገለገለ ቀጭን ፒኤስ ፎር 38 ሺህ ብር ነበር፡፡ ልጁ እንደነገረኝ በከተማው አንድ ጨዋታ 10 ብር ነው፤ የተሸነፈው ይከፍላል፡፡ በሰዓት አራት ጨዋታ፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ 32 ጨዋታ ይሆናል፡፡ መብራት የሚጠፋበትንና ሰው የማይኖርበትን ቀንሼ 20 አልኩ፡፡ 200 ብር፡፡ ከዚያ የቤት ኪራይ በቀን 50 ብር ሲወጣ 150 ይቀራል፡፡ ፒኤስ ፎሩ 38 ሺህ ብሩን በ253 ቀን ይመልሳል፡፡ ፒኤስ ፋይቩ በዚያው በ10 ብር ከ630 ቀን በላይ ይፈጅበታል፡፡

ልጁ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ በፒኤስ ፋይቭማ 15 ብር አስከፍላለሁ!» አለኝ፡፡ እሺ ብዬ አሰላሁ፤ 380 ቀን ወጣ፡፡ «ጓደኞችህ 15 ብር ይከፍላሉ?» አልኩት፡፡ ዝም አለ፡፡ ከቆየ በኋላ «ለመጀመሪያው ሳምንት ይከፍላሉ» አለኝ፡፡ ሐቀኝነቱን ወደድኩለት፡፡ እውነቱ ተማሪው የሚከፍለው ለሣሩ ጥራት አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን አሸንፎ ሲያሾፍበት ለማምሸት ነው፡፡ ለዚህ ፒኤስ ፎር ከበቂ በላይ ነው፡፡ በ2025 የወጣው የኳስ ጌም ኤፍሲ 26 ለፒኤስ ፎርም ተሰርቷል፤ ኢንተርኔት ለሌለበት ደግሞ በዲስክ የወጣው ፔስ 2021 አለ፡፡ ከሱ በኋላ የመጣው ኢፉትቦል በነፃ ነው ቢባልም ኢንተርኔት ካልሰጡት እንደሚገባው አይጫወትም፡፡ ሁለት ፒኤስ ፎር ቢገዛ ደግሞ 76 ሺህ ብር ነው፤ በቀን 350 ብር ቢገባ በ217 ቀን ይመለሳል፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይሰራል፡፡ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ግን የለውም፡፡

እናታችን በሐሳቡ አልተደሰተችም፡፡ «የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት እያስኮበለለ ገንዘብ ሊሰበስብ!» አለች፡፡ ሐሰት አልተናገረችም፡፡ በየከተማው ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈቱ ጌም ቤቶች ሲታሸጉ አይተናል፤ የታሸገው ቤት እቃም ስንት ቀን እንደሚቀመጥ እግዜር ነው የሚያውቀው፡፡ እህቴም ስትሰማ «ፈቃድ ሳያወጣ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በትምህርት ሰዓት አላስገባም ብሎ ለእማዬ ሳይምልላት አንድ ብር አልልክም» አለች፡፡ ማለ፡፡

እቃውን ለመምረጥ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፡፡ ያገለገለ የሚገዛ ሰው የሚከተለውን ቢያደርግ አይጎዳም፡፡ ሻጩ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ኳስ ይጫወቱበት፤ አምስት ደቂቃ ማንም እቃ ይሰራል፡፡ ዲስኩን አምስት ስድስት ጊዜ ያስወጡና ያስገቡ፡፡ ከኋላ የኤችዲኤምአይ መሰኪያውን በጣት ነካ ያድርጉት፤ ከጌም ቤት የወጣ እቃ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይላላል፡፡ የጆይስቲኩን እንጨት ለቀቅ ሲያደርጉት ተጫዋቹ ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ጆይስቲኩ አልቋል፡፡ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ፒኤስ ፎር ውስጡ ሰዓት የሚይዝ ትንሽ ባትሪ አለው፡፡ ያ ባትሪ ሲሞት ኢንተርኔት ካላገኘ ጌሞቹን እምቢ የሚልበት ችግር ነበረው፡፡ በመስከረም 2021 የወጣው 9.00 የተባለው ሶፍትዌር ይህን አስተካክሏል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከ9.00 በታች ያለውን ኢንተርኔት ወደሌለበት አገር ይዞ መሄድ አደጋ አለው፡፡ የመጀመሪያው ያየሁት እቃ በዚህ ምክንያት ቀረ፡፡ ሁለተኛው እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር፡፡ ሦስተኛውን ገዛሁት፡፡

አንድ ፒኤስ ፎር ቀጭኑ፣ ሁለት ተጨማሪ ጆይስቲክና አንድ ስታብላይዘር ላክንለት፡፡ የቀረው ገንዘብ ልጁ ሦስት ወር ሰርቶ መዝገቡን እስኪያሳየን ከእህቴ ጋር ቆየ፡፡ ካርቶኑን የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አታስጭኑ፣ እግራችሁ ስር አድርጉት ብዬ መንገደኛውን ለምኜዋለሁ፡፡ ጉጉፍቱ ላይ ሌሊቱን የቀዘቀዘ እቃ ሙቅ ቤት ገብቶ ወዲያው ሲሰካ ውስጡ ጤዛ ያዝላልና፡፡ ልጁንም ሲደርስህ እስከ ማግስቱ እንዳትሰካው ብዬው ነበር፡፡

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፡፡ «ጋሼ፣ ነግቷል አይደል? ልሰካው?»

«ከኋላው ያለውን አንብብልኝ» አልኩት፡፡

«ከ100 እስከ 240 ይላል፡፡»

«ስካው፡፡»