የሱቁ ሒሳብ በሁለት ኮምፒዩተር መካከል እንዳይጠፋ

በካልጋሪ ሱቃችሁ ወይም ታክሲ ቢሮአችሁ አንዱ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ፣ ሌላው ማክ ሆኖ በኔትወርክ አንድ የጋራ ፎልደር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አንድ ቀን የሒሳቡ ፋይል አልከፈት ሊላችሁ ወይም የደንበኞች ስም በማይነበብ ምልክት ተሞልቶ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ ደረሰኝና መዝገብ ከግብር ዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ 6 ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። በግሉ ታክሲ የሚሠራም ገቢው ከ30,000 ዶላር ቢያንስ እንኳ ለጂ.ኤስ.ቲ. መመዝገብ አለበት። ኦዲተር ሲመጣ «ኮምፒዩተሩ በላው» ቢሉት፣ ማስረጃ የሌለው ወጪ ሊሰረዝ ይችላል።

ስለዚህ ፋይሉ የተበላሸ ሲመስላችሁ «ሴቭ» አትበሉ። መጀመሪያ ኮፒ አድርጉና ኮፒውን መርምሩ።

የተዘበራረቀው የአማርኛው ጽሑፍ ብቻ ከሆነ፣ ፋይሉ ደኅና ሊሆን ይችላል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ማኩ ላይ በዩኒኮድ የተቀመጠውን የሲኤስቪ ፋይል የዊንዶውሱ ኤክሴል በላቲን ኮድ ሊያነበው ይችላል። በ«ዳታ» ማውጫ በኩል አስገቡትና «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ።

ጭራሽ አልከፈት ካለ ግን፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ጽፎበት ወይም እየተጻፈ ሳለ ዋይ-ፋይ ተቋርጦ ይሆናል። ወደፊት በየተራ ክፈቱት፤ ኮምፒዩተሮቹን በኬብል አገናኙ፤ በየማታው አንድ ቅጂ ከጋራ ፎልደሩ ውጭ አስቀምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።