አውትሉክ በየኢሜይሉ «ልላክ ወይ?» እያለ ሲያስቸግር

ከኤክሴል ዝርዝር የደመወዝ መግለጫ በማክሮ ስትልኩ አውትሉክ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ «አንድ ፕሮግራም በስምዎ ኢሜይል ሊልክ ነው» የሚል ሳጥን ይደቅናል። «ፍቀድ» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ አይነካም። ያናድዳል፤ ግን ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሜሊሳ፣ በ2000 ደግሞ «አይ ላቭ ዩ» የተባሉት ቫይረሶች የተዛመቱት ልክ እንደ እናንተ ማክሮ አውትሉክን እያዘዙ ነበር። ሜሊሳ ብቻ ከአድራሻ ደብተሩ ለ50 ሰው ራሷን ትልክ ነበር።

ከአውትሉክ 2007 ወዲህ ኮምፒውተሩ ላይ የታደሰ ጸረ ቫይረስ ካለ ሳጥኑ በተለመደው አሠራር አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አድሱ። ትረስት ሴንተር (የአውትሉክ የደህንነት ቅንብር) ገብቶ ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ ማጥፋትም ይቻላል (በአድሚን ፈቃድ)፤ እኔ አልመክርም። «ፍቀድ»ን በራሱ የሚጫን ፕሮግራም የሚጭኑም አሉ፤ ይሄማ ዘበኛውን አስተኝቶ በር መክፈት ነው። ሥራው በየወሩ የሚደጋገም ከሆነ በማይክሮሶፍት ግራፍ (ፕሮግራሞች ኢሜይል ሊልኩበት በሚችሉት የማይክሮሶፍት አገልግሎት) ላኩ። አዲሱ አውትሉክ እንደሆነ ማክሮ ጭራሹኑ አይቀበልም።